የመድን ደብተሩ ባለቤት ማን ነው?

(በጎንደር ከተማ፣ ፒያሳ፣ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ጤና ጥበቃ በሚደረግ ንግግር ሁሉ ዘወትር የሚነሡ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ሐኪሙ ነው፤ ሁለተኛው መንግሥት ነው። ሐኪሙ በትጋት እንዲያክም፣ መንግሥትም ጤና ጣቢያ እንዲሠራ ይጠየቃል። ሦስተኛው ወገን፣ ይኸውም ሕመሙን የሚታመመውና ገንዘቡን የሚያዋጣው ገበሬ፣ የሚነሣው ግን በቍጥር ብቻ ነው። ይህን ያህል ሰው ታከመ፣ ይህን ያህል አባወራ አባል ሆነ ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኛ ዛሬ የቆምነው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ወገን ለመናገር ነው። የምንለውም አንድ ነገር ነው። በአገራችን የጤና አገልግሎት እንዲሻሻል ከተፈለገ፣ የጤና መድን ደብተር የያዘው ገበሬ ራሱን እንደ ተመጽዋች ሳይሆን እንደ ባለ ገንዘብ ቆጥሮ በጉባኤ መካከል ተነሥቶ መጠየቅ አለበት። ፊደል የቈጠርነው ልጆቹም ይህን እንዲያደርግ ልንረዳው ይገባናል።

ስብሰባችን በፒያሳ መሆኑ ለጉዳዩ የሚስማማ ነው። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ ከጃናሞራና ከበየዳ ተራሮች ለሕክምና ወደ ጎንደር የሚመጣው ሕዝብ በዚህ አደባባይ ያልፋል። አንዳንዱ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ያደረሰ፣ ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ደግሞ በግ የሸጠ ነው። ይህ ሰው በአንድ እጁ የመድን ደብተሩን፣ በሌላ እጁ የመድኃኒት ማዘዣውን ይዞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ሁላችንም አይተነዋል። ደብተሩ «አስቀድመህ ከፍለሃል» ይለዋል፤ ማዘዣው ግን «ከውጭ ግዛ» ይለዋል። በእነዚህ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ልዩነት ማን ይመርምረው? የንግግራችን ጥያቄ ይህ ነው።

ጎንደር ለሕዝብ ጤና ጉዳይ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጅቷል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዚህችው ከተማ ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ሥራ ረድተዋል። የኮሌጁ አሳብ ለዘመኑ አዲስ ነበር። ዶክቶር በብዛት እስኪገኝ ድረስ ገጠሬው ቁጭ ብሎ ሊሞት አይገባም በማለት፣ የጤና መኰንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሞያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ላከ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል ወባ እንደገና በአገሪቱ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲታመምና 150,000 ያህል ሰው ሲሞት፣ ይህ የቡድን አሠራር ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረ በግልጽ ታየ። ዛሬም በዩኒቨርሲቲያችን የሚመረቁ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ወጥተው መሥራታቸው ከዚያ ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ፣ ያ ሁሉ መልካም ሥራ ሲሠራ ሕዝቡ የተቀመጠው በተቀባይ ወንበር ላይ ነበር። ባለሞያው ወደ እርሱ ሄደ፤ እርሱ ግን ስለ ጤናው በሚመከርበት ሸንጎ አልገባም። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978፣ በአልማ አታ ከተማ የተሰበሰቡት የዓለም መንግሥታት፣ ሕዝብ በጤናው ዕቅድና ሥራ መካፈል መብቱም ግዴታውም ነው ብለው ተስማሙ። በእኛ አገር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተዘርግቶ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሁለት ሴቶች ልጆች በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። ይህ በእውነት ትልቅ ርምጃ ነው። ክትባቱን፣ የእርጉዞችን ክትትልና የመጸዳጃውን ትምህርት ወደ ቤት ደጃፍ አመጣው። ነገር ግን በዚህም ጊዜ ትምህርቱ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነበር እንጂ፣ ጥያቄው ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ገና ጠባብ ነበር።

መንገዱን ያሰፋው ነገር፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው፣ የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከእኛ ክልል የተመረጡት ጎረቤታችን ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ አብዛኞቹ የክልሉ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሠራሩ እንደሚታወቀው ቀላል ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ደብተር ይመዘገባል፤ በየዓመቱ የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የካርድ፣ የምርመራ፣ የመኝታና የመድኃኒት ዋጋ ሳይጠየቅ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው ድኻ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። በሙከራው ዘመን የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው 25 ከመቶ የሚሆን ድጎማ ይጨምር ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ገንዘብ የማን ነው? የእድር ገንዘብ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከእናቶቻችን አንዷ እንኳ መልሱን አትስተውም። የእድርተኛው ነው ትላለች። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ሳያሰማ ዓመቱ ቢያልፍ ሽማግሎች ይጠይቁታል፤ ድንኳኑ ቢቀደድ ማን ቀደደው ይባላል፤ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። እድር የተቋቋመው ለሞት ነው፤ የጤና መድን ግን የተቋቋመው ለሕይወት ነው። ታዲያ ሕዝባችን ለሞቱ ያቆመውን ማኅበር በዚህ ጥንቃቄ ሲቈጣጠር፣ ለሕይወቱ ያዋጣውን ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚተወው ስለ ምን ነው?

ባለፈው ክረምት ወደየወረዳችን በሄድን ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ለዘመዶቻችንና ለጎረቤቶቻችን አቅርበን ነበር። ያገኘነው መልስ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው መልስ «የመንግሥት ገንዘብ ነው» የሚል ነው። መዋጮው የሚሰበሰበው በቀበሌ ሹማምንት እጅ፣ ግብር ከሚከፈልበት ወቅት ጋር ተቀራርቦ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ግብር የከፈለ ይመስለዋል። ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኙን አጥፎ ይሄዳል እንጂ፣ ምን ገዛችሁልኝ ብሎ ተመልሶ አይመጣም።

ሁለተኛው መልስ «መናገር ጣጣ ያመጣል» የሚል ነው። ነገ ልጄ ቢታመም ያኰረፍኩት ሰው ያክምልኛልን? ብሎ የሚፈራ አባት ፈሪ አይባልም። ጤና ጣቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለውም።

ሦስተኛውን መልስ የሰጡን አንዲት እናት ናቸው። «እማማ፣ እርስዎ ለምን በጉባኤ አይናገሩም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ደብተሩ በእርሱ ስም ነው የወጣው፤ ልጆቹን ይዤ የምሄደው ግን እኔ ነኝ። ማን ብዬ፣ ለማንስ ልንገር?» አሉን። ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። ወረፋውን፣ የነርሷን ፊትና የመድኃኒት ቤቱን ባዶ መደርደሪያ የሚያውቁት እናቶች ሆነው ሳለ፣ በስብሰባ የሚናገረው ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄደበትን ቀን የማያስታውሰው አባወራ ነው።

ለእነዚህ መልሶች እኛ የምንመልሰው ይህን ነው። የሚነገርበት በር በደንብ ተከፍቷል፤ የሚገባበት ሰው ነው የጐደለው። በመጀመሪያ፣ የመድኑ ሥርዐት የአባሎች ወኪሎች የሚቀመጡበት ጠቅላላ ጉባኤና ቦርድ አለው። ሁለተኛ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተደረገው የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ መሠረት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሰበሰቡትን ገቢ ወደ ግምጃ ቤት ሳይመልሱ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ ሲፈቀድ፣ ይህን የሚቈጣጠር የሥራ አመራር ቦርድ ተቋቁሟል፤ በቦርዱም ውስጥ የኅብረተሰቡ ወኪል ወንበር አለው። ሦስተኛ፣ የጤና ሚኒስቴር ባወጣው የማኅበረሰብ የውጤት መመዘኛ አሠራር፣ ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ጤና ጣቢያቸውን በስድስት ነገር ይመዝናሉ። እነዚህም የባለሞያው አክብሮትና ርኅራኄ፣ ወረፋው የሚወስደው ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መገኘት፣ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ የሕንጻው ሁኔታ፣ ንጽሕናውና ደኅንነቱ ናቸው። ማለፊያ ነው። ነገር ግን ከእኛ ወላጆች መካከል በቦርዱ የሚወክለውን ሰው ስም የሚያውቀው ስንቱ ነው? የመመዘኛውን ወረቀት ያየውስ ስንቱ ነው? «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ያልተቀመጡበት ወንበርም እንዲሁ ነው።

ይህ ጉዳይ የክብር ብቻ አይደለም፤ የመድኑ ሕልውና የቆመበት ነው። በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ ወረዳ 10,000 አባወራ በያመቱ አንድ አንድ ሺሕ ብር አዋጣ እንበል፤ 10 ሚሊዮን ብር ይሰበሰባል። የዓመቱ የሕክምና ወጪ 9 ሚሊዮን ቢሆን ቋቱ ይተርፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት 4,000 አባወራ «መድኃኒት ካላገኘሁ ስለ ምን እከፍላለሁ?» ብሎ ቢወጣስ? የሚወጣው ጤነኛው ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከመድኑ አይወጣም። ስለዚህ ገቢው ወደ 6 ሚሊዮን ሲወርድ፣ ወጪው ወደ 6 ሚሊዮን አይወርድም፤ ምናልባት 7 ሚሊዮን ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የመድኑ ጽሕፈት ቤት የጤና ጣቢያውን ሒሳብ በወቅቱ መክፈል ያቅተዋል። ያልተከፈለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል። መድኃኒት ያጣው አባል ደግሞ በተራው ይወጣል። አዙሪቱ እንዲህ ነው። መጨረሻ ላይ በቋቱ ውስጥ የሚቀሩት እጅግ የታመሙትና እጅግ ድኾቹ ብቻ ይሆናሉ፤ ማኅበሩም ይፈርሳል።

ስለዚህ ዝም ብሎ የሚወጣው አባል ተቈጥቶ ከሚጮኸው አባል ይልቅ መድኑን ይጐዳዋል። የሚጮኸው የጐደለውን ያሳያል፤ የሚወጣው ግን ጉድለቱን ይዞት ይሄዳል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጨምር። በካናዳ ምዕራብ ሳስካቸዋን የምትባል የስንዴ ገበሬዎች ክፍለ ሀገር አለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ሳርኒያ የተባለች አንዲት የገጠር ወረዳ ሐኪሟ ጥሏት እንዳይሄድ ነዋሪዎቿ ግብር አዋጥተው ደመወዝ ይከፍሉት ጀመር። ጎረቤቶቿ ይህን አይተው ተከተሏት። በ1946 በስዊፍት ከረንት አካባቢ ያሉ ወረዳዎች ተባብረው ለሕዝባቸው ሁሉ የሐኪምና የሆስፒታል አገልግሎት በጋራ ክፍያ አቋቋሙ፤ በ1947 የሆስፒታል መድን ለመላው ክፍለ ሀገር ሆነ፤ በ1962 የሐኪም መድን ለሁሉ ሲታወጅ ብዙዎቹ ሐኪሞች ለ23 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ከድርድር በኋላ ግን ሕጉ ጸና። እስከ 1972 ድረስ የካናዳ ክፍለ ሀገሮች ሁሉ ተቀበሉት። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የካናዳ የጤና መድን ሥር ይህ ነው። የተጀመረው በዋናው ከተማ ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ሐኪም ያጡ ገበሬዎች ባደረጉት የወረዳ ስብሰባ ነው። የእኛ ፎገራና ደምቢያ ከዚያ የሚያንሱበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ላይ ስለ ጤና ባለሞያዎች ሳንናገር ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ ውስጥ አያሌ የጤና ባለሞያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ እንዳቆሙ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንደ ታሰሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከመካከላችንም ነገ የዚያው ሞያ ባለቤት የሚሆኑ አሉ። ሕመምተኛው «ነርሷ አመናጨቀችኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ ነርሷም «በዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይ መክፈል አልቻልኩም» ስትል እውነቷን ነው። ሁለቱን እውነቶች እርስ በርስ ማጋጨት ለማንም አይጠቅምም። የተራበ ባለሞያ በሽተኛን በትዕግሥት ሊያስተናግድ ይከብደዋል፤ ባዶ መድኃኒት ቤትም ለባለሞያው ስድብ ያተርፍለታል። በየቀበሌው የሚነሣው ጥያቄ «ነርሷን ቅጡልን» ሳይሆን «ነርሷ የምትሠራበትን አሟሉላት» የሚል ቢሆን፣ ገበሬውና ባለሞያው በአንድ ወገን ይቆማሉ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ሰላም በሌለበት ጊዜ ስለ ጉባኤና ስለ ሒሳብ ማውራት ምን ይፈይዳል?» ይሉናል። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭት ጤና ተቋማትን ጐድቷል፤ መድኃኒት የጫነ መኪና የሚቆምበት፣ አምቡላንስ ማለፍ የሚቸገርበት ጊዜ አለ። ተማሪም ቢሆን ወደ ቤተ ሰቡ መሄድ የሚሳነው ጊዜ አለ። ሆኖም በሽታ የተኩስ አቁም አይጠብቅም። ሴት በግጭት መካከልም ትወልዳለች፤ ሕፃን በግጭት መካከልም ያተኵሰዋል። ችግሩ የበዛበት ሕዝብ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ይልቁንም ሊጠብቅ ይገባዋል። ማንም ሰው ወደ አደጋ ይሂድ አንልም፤ መንገድ በተገኘበት ቦታ ግን በተቻለ መጠን ይሠራ እንላለን።

ምን እናድርግ? አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ደንቡን እናንብብላቸው። ከመካከላችን እያንዳንዱ የወረዳውን የመድን ደንብ ቅጂ ለምኖ ይያዝ፤ ለቤተ ሰቡ፣ ለእድሩና ለሰንበቴው በቀላል አማርኛ ያስረዳ። ለወሊድ፣ ለክትባትና ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ገንዘብ እንደማይጠየቅ፣ ደብተር ያለውም የሌለውም እኩል እንደ ሆነ ይንገር። ጤና ጣቢያን ዘልሎ ያለ ማዘዋወሪያ ወረቀት ሆስፒታል የሚሄድ አባል ከወጪው ግማሹን ራሱ እንዲከፍል በደንብ መወሰኑንም ያስታውቅ። ይህን ባለማወቅ ከብት የሸጠ ሰው አለ።

ሁለተኛ፤ «የለም» የሚለው ቃል በጽሑፍ ይሰጠን። መድኃኒት ያጣ አባል በማዘዣው ጀርባ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑና የጤና ጣቢያው ማኅተም እንዲሰፍርለት በትሕትና ይጠይቅ፤ ወረቀቱንም አይጣለው። አንድ ወረቀት ስሞታ ነው፤ መቶ ወረቀት ግን ማስረጃ ነው። እነዚህን ሰብስቦ በአንድ ደብተር መመዝገብ፣ የትኛው መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደጠፋ ቈጥሮ ለጉባኤው ማቅረብ ለአንድ ተማሪ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ያን ጊዜ ሹሙ «እናጣራለን» ብሎ ሊያልፍ አይችልም፤ ተጣርቶ ቀርቦለታልና። ፍርሃት ያለበት አባትም ብቻውን አይናገርም፤ ወረቀቱ ይናገርለታል።

ሦስተኛ፤ እናቶች በጉባኤ ይወከሉ። በየቀበሌው ከሚመረጡት የአባሎች ወኪሎች ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ፣ በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም እኩል እንዲጻፍ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በማኅበራችን ስም እናመልክት።

አራተኛ፤ የመድኑ ዓመታዊ ሒሳብ በአደባባይ ይነበብ። ከእያንዳንዱ ቀበሌ ምን ያህል ተሰበሰበ? ለየትኛው ጤና ጣቢያ ስንት ተከፈለ? ምን ያህል ዕዳ ቀረ? ይህ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍና በገበያ ቀን ቢነበብ፣ የማሳደሻው ወቅት ሲደርስ አባል ለማምጣት ሹም ቤት ለቤት መዞር አያስፈልገውም። ያየ ሰው ያምናል፤ ያመነ ሰው ይከፍላል።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየወጡ አገራቸውን ያገለግሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የሄዱት በአብዛኛው ለማስተማር ነበር። ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው ከማስተማር ይልቅ ከጎን መቀመጥ ነው። ገበሬው ምን እንደጐደለው ያውቃል፤ እኛ የምንጨምርለት እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው። በእርሱ ፈንታ እንናገርለታለን ብንል ግን ሌላ ሹም ሆነን እንቀርባለን።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ስለ መድኑ በዩኒቨርሲቲያችን የሚደረገው ጥናት ብዙ ነው፤ መጠይቅ ይዘን በየቤቱ እየገባን አባሎችን የምንጠይቀው እኛው ነን። የጥናቱ ውጤት ግን ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ታትሞ ይቀራል። የተጠየቀው ሕዝብ መልሱን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ እንኳ ቢሆን፣ በቀበሌው እንዲሰማ ይደረግ። የሕዝብን ቃል ወስዶ አለመመለስ የተዋሱትን እንደ ማስቀረት ያህል ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤

የሚቀጥለው የማሳደሻ ወቅት እህል ተወቅቶ ወደ ጎተራ ሲገባ ይመጣል። ያን ጊዜ በየመንደራችን ያለው አባወራ እንደገና «ልክፈል ወይስ ልተው?» እያለ ከሚስቱ ጋር ይመካከራል። በዚያች ሌሊት የሚወሰነው ነገር ከብዙ ዕቅድና ሪፖርት ይበልጣል። ቢተወው፣ ልጁ ሲታመም በሬውን ይሸጣል። ቢከፍልና ቢዘም፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው የለም የሚለውን ቃል ይሰማል። ቢከፍልና ቢጠይቅ ግን፣ ቀስ በቀስ ቢሆንም ነገሩ ይለወጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት፣ ወረዳ በወረዳ ተከፍለን ስማችንን በመዝገቡ ላይ እንድናሰፍርና የመጀመሪያውን ሥራ፣ ማለት የየወረዳችንን የመድን ደንብ ቅጂ ማግኘትን፣ እስከሚመጣው ስብሰባ ድረስ ፈጽመን እንድንገኝ በአክብሮት እናሳስባለን።